ልጄ ለምን ወደዚያኛው ትምህርት ቤት ተመደበ? በአዲስ አበባ ዳርቻ የቅበላ ቀጠና ሲለወጥ

በአያት፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ ወይም በቦሌ አራብሳ የሚኖር ወላጅ፣ ሰኔ ገብቶ የዓመቱ ትምህርት ሲገባደድ፣ ልጁ በመስከረም የት እንደሚማር አውቆ ክረምቱን መግባት ይፈልጋል። በሰፈሩ አዲስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተገንብቶ ሲያልቅ ወይም ነባሩ ከአቅሙ በላይ ሲሞላ ግን ይህ እርግጠኝነት ይናጋል። ከዚህኛው ብሎክ እስከዚያኛው ብሎክ ያሉ ልጆች ወደ አዲሱ ይሂዱ የሚል ሐሳብ ይቀርባል፤ ወላጆች ለስብሰባ ይጠራሉ፤ አዳራሹም ብዙም ሳይቆይ ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል። እኔም ልጆቼን በዚሁ ዳርቻ በመንግሥት ትምህርት ቤት የማስተምርና በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ ያገለገልኩ ነኝ። ከእነዚህ ስብሰባዎች ብዙዎቹ በቁጣ የሚበተኑት ነገሩን ከሥሩ ያስረዳ ሰው በመታጣቱ እንደሆነ ስላየሁ፣ የማውቀውን ያህል እዚህ ላስረዳ።

የቅበላ ቀጠና የምንለው የየትኛው ሰፈር ልጅ በየትኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት በቅድሚያ እንደሚመዘገብ የሚወስነውን መስመር ነው። በካርታ ላይ የተሣለ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ አካባቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በወረዳ፣ በሳይት፣ በብሎክ ቁጥር ወይም በአንድ አስፋልት ወዲህና ወዲያ ነው። ወላጅ ለምዝገባ ሲሄድ የነዋሪነት መታወቂያውንና የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት የሚጠየቀውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ አንዱ ሰነድ አድራሻን፣ ሌላው ዕድሜን ያስረዳል። መስመሩ ባይኖር ኖሮ ሁሉም ሰው በስም ወደሚታወቀው አንድ ትምህርት ቤት ይጎርፍ ነበር፤ እዚያ ቦታ የሚያገኘውም ቀድሞ መሰለፍ የሚችል ወይም የሚያውቀው ሰው ያለው ይሆን ነበር። ስለዚህ መስመር መኖሩ ራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ክርክሩ መስመሩ የት ይለፍ፣ መቼ ይለወጥ፣ ሲለወጥስ ማን ቀድሞ ይነካ የሚለው ላይ ነው።

ጉዳዩ ከመሀል ከተማ ይልቅ በዳርቻው የሚበረታበት ምክንያት አለ። በአራት ኪሎ ወይም በጉለሌ አንድ ሰፈር የሚሞላው በትውልድ ነው፤ አንዱ ቤት ውስጥ ሕፃን ሲወለድ በሌላው ቤት ልጆች አድገው ይወጣሉ፣ የተማሪው ቁጥርም በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ይላል። የጋራ መኖሪያ ቤት መንደር ግን በአንድ ጊዜ ይሞላል። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ሲቆጥቡ የቆዩ ሰዎች ዕጣ ሲወጣላቸው፣ ቁልፍ የተረከቡት በሺዎች ሆነው በተቀራራቢ ጊዜ ነው፤ ከእነሱና ከተከራዮቻቸው መካከል ደግሞ ብዙዎቹ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወጣት ቤተሰቦች ናቸው። በዚህ የተነሣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚጠፋው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ቦታ ነው፤ ቀጥሎ አንደኛ ደረጃው ይጨናነቃል፤ ከዚያም ያው ትውልድ እያደገ ሲሄድ መካከለኛውና ሁለተኛ ደረጃው ተራ በተራ ይሞላሉ። እንደ ማዕበል ነው። ዛሬ የተሠመረ ቀጠና ማዕበሉ አልፎ ሲሄድ የማይስማማ ሆኖ ቢገኝ የሚገርም አይደለም፤ የሚያሳዝነው ይህ መምጣቱ ከመጀመሪያው ሊገመት የሚችል ሆኖ ሳለ ወላጅ ሁልጊዜ እንደ ድንገተኛ ነገር እንዲሰማው መደረጉ ነው።

በዚህ ላይ ሌሎች ለውጦች ተደርበዋል። በ2012 ዓ.ም. በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ፣ ከነጻ የደንብ ልብስና የመማሪያ ቁሳቁስ ጋር ተዳምሮ፣ ኑሮ የከበደውን ቤተሰብ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሳበ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ ቀድሞ በአንድ ክፍለ ከተማ ሥር የነበሩ ሰፈሮች በሁለት አስተዳደር ሥር ዋሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ምክንያት ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎች የመሀል ሰፈሮች የተነሡ ቤተሰቦች ወደ ዳርቻው ሲዛወሩ ልጆቻቸውም አብረው መጡ። በአንድ ክረምት የሚመጣ ተማሪ የሚያህል ክፍል በአንድ ክረምት አይገነባም።

የትምህርት እርከኑም ተለውጧል። ቀድሞ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በአንድ ግቢ ይማር የነበረ ልጅ፣ አሁን በሥራ ላይ ባለው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የሚያልፈው 2 ዓመት ቅድመ አንደኛ፣ 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ብሎ ነው። ይህ ለቀጠና ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ ቤተሰብ አንድ ቀጠና ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ልጁ እስከ 6ኛ የሚማርበት፣ ለ7ኛና ለ8ኛ የሚዘዋወርበት፣ ለ9ኛ የሚገባበት ተብሎ ሦስት ይሆናል። በስብሰባ ላይ አንዱ ወላጅ ስለ 1ኛ ክፍል፣ ሌላው ስለ 7ኛ ክፍል እየተናገረ ሁለቱም «ቀጠናው» ስለሚሉ አለመግባባቱ ከዚያው ይጀምራል። ስለዚህ የቀረበው ሐሳብ የትኛውን እርከን እንደሚመለከት ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ እንዴት ይሠራል?

ሰብሳቢዎች «የአቅም ጉዳይ ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ በምሳሌ እንየው። በአገራችን የተያዘው መለኪያ በአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። እንግዲህ 24 መማሪያ ክፍሎች ያሉት አንድ ነባር ትምህርት ቤት አለ እንበል፤ በመለኪያው መሠረት አቅሙ 1,200 ልጆች ነው። የተመዘገቡት ግን 1,680 ቢሆኑ በአንድ ክፍል 70 ልጆች ይቀመጣሉ ማለት ነው። በአጠገቡ ባለ 16 ክፍል አዲስ ትምህርት ቤት ተሠራ፤ አቅሙ 800 ነው። ከነባሩ 480 ልጆች ቢዛወሩ ነባሩ በክፍል 50፣ አዲሱ በክፍል 30 ልጅ ይይዛሉ።

እዚህ ላይ አንዱ ወላጅ ተነሥቶ «ሸክሙ ለምን እኩል አይሆንም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። 1,680 ልጆች በ40 ክፍሎች እኩል ቢከፈሉ እያንዳንዱ ክፍል 42 ይደርሰዋል፤ ለዚህ ደግሞ መዛወር የሚኖርባቸው 480 መሆናቸው ቀርቶ 672 ይሆናሉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት 192 ልጆች የአንድ ወይም የሁለት ሰፈር ልጆች ናቸው፤ አዳራሹን የሚከፍለውም ብዙውን ጊዜ የእነዚህ ልጆች ጉዳይ ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በአዲሱ ትምህርት ቤት በኩል ገና ነዋሪ ያልገባባቸው ብሎኮች መኖራቸውን ካወቀ፣ 192ቱን በነባሩ አቆይቶ በአዲሱ ቦታ ማስቀረቱ ብልህነት ነው። እንዲህ ያለ ዕቅድ ከሌለው ግን በአንዱ ግቢ 50 በሌላው 30 የሚያስቀምጥበት ምክንያት የለም። መልሱ የሚገኘው በአካባቢው በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ስንት ቤት ለነዋሪ እንደሚተላለፍ ከሚያሳየው መረጃ ነው፤ ወላጆች ሊጠይቁ የሚገባቸውም ይህንኑ ነው።

ከዚህ ሳላልፍ ስለ ፈረቃ አንድ ነገር ልጨምር። ያው ባለ 24 ክፍል ትምህርት ቤት ጠዋትና ከሰዓት በፈረቃ ካስተማረ አቅሙ በወረቀት ላይ 2,400 ይሆናል። «ትምህርት ቤቱ ለሁሉም ይበቃል» የሚል መልስ ሲሰጥ ወላጅ ወዲያው «በሙሉ ቀን ነው ወይስ በፈረቃ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሹን ቀን ቤት ይውላል፤ እናትና አባት ሁለቱም ሥራ በሚውሉበት ቤት ያ ግማሽ ቀን ማን ይጠብቀው የሚለው ራሱን የቻለ ችግር ነው። በአንድ ቤት ያሉ ወንድምና እህት በተለያየ ፈረቃ ሲመደቡማ ለቤተሰቡ ቀኑን ሙሉ ማመላለስ ይሆናል።

«የእኔ ልጅ ይጨርስ» የሚለው ጥያቄ

በስብሰባ ላይ ከሚነሡት ጥያቄዎች እጅግ ሰብአዊ የሆነው፣ የጀመረ ልጅ በጀመረበት ይጨርስ የሚለው ነው። ጓደኞቹን፣ መምህሩን፣ ግቢውን የለመደን የ4ኛ ክፍል ልጅ ከቦታው ማንሣት ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ቢፈጸም ምን እንደሚከተል እናስላው። ወደ አዲሱ የሚሄዱት ከዘንድሮ ጀምሮ 1ኛ ክፍል የሚገቡት ብቻ ይሁኑ ቢባል፣ ከላይ ካየናቸው 480 ልጆች መካከል በየዓመቱ የሚዛወሩት 80 ያህል ይሆናሉ። የሌላው ሰፈር ተማሪ ቁጥር ባለበት ቢቆይ፣ ነባሩ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት በክፍል 67፣ በሦስተኛው ዓመት 60 ልጆች ይኖሩታል፤ ወደ 50 የሚወርደው በስድስተኛው ዓመት ነው። ዛሬ 2ኛ ክፍል ያለ ልጅ 6ኛን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ በተጨናነቀ ክፍል ይማራል ማለት ነው፤ አዲሱ ሕንፃ ደግሞ በዚያው ጊዜ በ80 ልጆች ይከፈታል። ለልጃችን አዝነን የጠየቅነው ነገር ልጃችንኑ በጠባብ ክፍል ያቆየዋል።

ስለዚህ መካከለኛ መንገድ መፈለግ ይሻላል፤ እኔ የምደግፈው የሚከተለውን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉት 320 ልጆች ይዛወሩ፤ 5ኛና 6ኛ ክፍል ያሉት በነባሩ ይጨርሱ። የ6ኛ ክፍል ፈተና ከፊቱ ያለበትን ልጅ መምህር ማስለወጥ ተገቢ አይመስለኝም። በዚህ አካሄድ ነባሩ በመጀመሪያው ዓመት በክፍል ወደ 57 ይወርዳል፤ በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ዝውውሩ ተጠናቆ 50 ይደርሳል። የ5ኛ ክፍል ወንድሟ እጇን ይዞ የሚያደርሳት የ2ኛ ክፍል ልጅ ያለችበት ቤተሰብ ደግሞ፣ ታላቁ እስኪጨርስ ታናሿ አብራው እንድትቆይ ሊፈቀድለት ይገባል። ይህ ቢበዛ ለሁለት ዓመት የሚቆይ ፈቃድ በመሆኑ ዕቅዱን አያናጋም። ሌላው ተመራጭ ጊዜ የእርከን መሸጋገሪያው ነው፤ 7ኛና 9ኛ ክፍል የሚገባ ልጅ በማንኛውም መንገድ ትምህርት ቤት ስለሚለውጥ፣ የቀጠና ለውጥ እዚያ ላይ ሲያርፍ ጉዳቱ አነስተኛ ነው።

በካርታ የሚለካው ርቀትና በእግር የሚኬደው

ቀጠና ሲሠመር በመጀመሪያ የሚታየው ቅርበት ነው፤ ቅርበት የሚለካው ግን በካርታ ላይ ቀጥታ መስመር በማስመር ከሆነ ከፍተኛ ስሕተት ይከተላል። በዳርቻው ሁለት ሰፈሮች በቀጥታ ሲታዩ ጎን ለጎን ሆነው፣ በመካከላቸው የወንዝ ገደል፣ ድንጋይ የወጣበት የካባ ጉድጓድ ወይም ሲኖትራክ የሚከንፍበት ሰፊ አስፋልት ይኖራል። ልጁ ድልድይ ፍለጋ ዙሪያውን ሲሄድ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ባይማሩም የሰኔና የመስከረም ዝናብ አለ፤ በበጋ አቋራጭ የነበረው መንገድ በዝናብ ጊዜ ጭቃ ውጦት የማይታለፍ ይሆናል። ከከተማው ጫፍ ባሉ ሰፈሮች ማለዳ ገና ጨለማው ሳይገፍ ጅብ የሚያጋጥምበት ቦታ መኖሩንም የአካባቢው ነዋሪ ያውቀዋል። ጠዋት የተመደበ ልጅ ከቤቱ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው።

ስለዚህ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ከሚለው ይልቅ «የ7 ዓመት ልጅ በእግሩ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? በመንገዱ ላይስ ስንት አስፋልት ያቋርጣል?» የሚለው የተሻለ ጥያቄ ነው። አንድ ሰፈር በካርታው ላይ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ቢቀርብም መንገዱ አደገኛ ከሆነ፣ ወይ መስመሩ አስፋልቱን ተከትሎ ይሠመር፣ ወይም የእግረኛ መሻገሪያና የትራፊክ ተቆጣጣሪ አስቀድሞ ይመደብ። ቤተሰብ በባጃጅ ያመላልሳል ብሎ ማሰብ ልክ አይደለም፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚከፈል ሒሳብ ለብዙዎች ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የሚመጣ ወጪ ነው። ወላጅ ከሚያቀርባቸው ማስረጃዎች ሁሉ ይበልጥ ክብደት ያለው መንገዱን ከልጁ ጋር በትክክለኛው ሰዓት ሄዶ፣ ሰዓቱን መዝግቦ፣ አደገኛ ቦታዎችን በፎቶ አንሥቶ ያመጣው ነው።

ከልጆቹ ጋር ማን ይሄዳል?

አሁን የማምንበትን ዋና ነገር ልናገር። ወላጆች ዝውውርን ሲቃወሙ አብዛኛውን ጊዜ በአፋቸው የሚያነሡት ርቀትን ነው፤ ረጋ ብሎ ለጠየቃቸው ግን የሚነግሩት ሌላ ፍርሃት አላቸው። «ልጄ ባዶ ሕንፃ ውስጥ ሊገባ ነው» ብለው ይፈራሉ። ነባሩ ትምህርት ቤት ቢጨናነቅም ለዓመታት የተገነባ ነገር አለው፤ ልምድ ያላቸው መምህራን፣ የተሟላ ቤተ መጻሕፍት፣ ውኃ ያለው መጸዳጃ ቤት፣ ምግብ የሚያበስሉ እናቶችና ወጥ ቤታቸው፣ በሰፈሩ የተከበሩ ርዕሰ መምህር። አዲሱ ግን ቀለሙ ያልደረቀ ሕንፃ ብቻ ሊሆን ይችላል። መምህራኑ ሁሉ በዚያው ዓመት የተቀጠሩ ከሆኑ፣ ወንበር በኅዳር የሚገባ ከሆነ፣ ውኃ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ከሆነ፣ ወላጅ ቢቃወም ልክ ነው።

መፍትሔውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ከነባሩ ትምህርት ቤት ልጆች ሲዛወሩ መምህራንም በተመጣጣኝ ቁጥር ሊዛወሩ ይገባል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ከነባሩ ከሩብ በላይ ተማሪ ሲሄድ ከልምድ ባለቤቶቹ መምህራንም ሩቡ አብሮ ቢሄድ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ቀን የሚታወቅ ፊት ይኖረዋል። ርዕሰ መምህሩ ቢያንስ ሕንፃው ከመከፈቱ ጥቂት ወራት በፊት ተመድቦ ከወላጆች ጋር ቢተዋወቅ፣ ምገባው፣ ውኃውና የቅድመ አንደኛ ክፍሎቹ ከምዝገባ በፊት ዝግጁ ሆነው በዓይን ቢታዩ፣ በአዳራሹ የሚሰማው ድምፅ በጣም ይለሰልሳል። በአንድ ወቅት እኔ ራሴ በቀጠና ለውጥ ምክንያት ልጄን ወደ አዲስ ትምህርት ቤት ወስጄ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት በ3ኛ ክፍል ውስጥ ለሁለት የትምህርት ዓይነት መምህር አልነበረም። ቅሬታዬ መንገዱ ስለራቀ አልነበረም። ልጄ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚያስተምረው ሰው በማጣቱ ነበር፤ ያንን ሳምንት እስከ አሁን አልረሳሁትም።

በስብሰባው ላይ የሌሉት

የቀጠና ስብሰባ ብዙውን ጊዜ በሥራ ቀን ወይም ቅዳሜ ጠዋት ይጠራል፤ የሚመጣውም ጊዜ ያለው፣ የቤቱ ባለቤት የሆነ፣ ለመናገር የማይፈራ ሰው ነው። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ግን ከነዋሪው ብዙው ተከራይ ነው። ተከራይ ብዙ ጊዜ የነዋሪነት መታወቂያው ቀድሞ በኖረበት ወረዳ ስለሆነ፣ መሸኛ አውጥቶ እስኪያስተላልፍ ድረስ በአዲሱ ወረዳ እንደ እንግዳ ይቆጠራል፤ የቀጠናው ቅድሚያም ያልፈዋል። በዚህ ረገድ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚጠቅም ነገር አምጥቷል፤ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በወረዳ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ ተከራዩ በአካባቢው መኖሩን የሚያሳይ ሕጋዊ ሰነድ በእጁ ይኖረዋል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የተመዘገበ የኪራይ ውልን ከመታወቂያ እኩል እንዲቀበሉ በስብሰባው ላይ በግልጽ መጠየቅ ለብዙ ልጆች በር ይከፍታል።

ሌሎቹ የማይታዩት የግንባታ ሠራተኞችና የጥበቃ ሠራተኞች ልጆች፣ እንዲሁም ኮንዶሚኒየሙ ከመምጣቱ በፊት በዚያ መሬት ላይ ይኖሩ የነበሩ የገበሬ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። እነዚህ ቤቶች የብሎክ ቁጥር ስለሌላቸው በብሎክ የተሠመረ ቀጠና ውስጥ ሳይገቡ ይቀራሉ። የማስተማሪያ ቋንቋም መታየት አለበት። በከተማዋ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ ልጅን በቅርበት ብቻ መመደብ ከጀመረበት ቋንቋ ያስወጣዋል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል በወሰን ጉዳይ ከተስማሙ ወዲህም፣ በወሰኑ አጠገብ ላሉ ቤተሰቦች የቅርቡ ትምህርት ቤት በሌላ አስተዳደር ሥር የሚሆንበት አጋጣሚ አለ፤ የ8ኛ ክፍል ፈተናን የሚያዘጋጀው አካል ስለሚለያይ ወላጅ ይህን አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል። አካል ጉዳት ላለባቸውና የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ደግሞ ድጋፉ ያለበት ትምህርት ቤት ከማንኛውም መስመር ይቀድማል።

በሌሎች አገሮችም ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በሲንጋፖር ለ1ኛ ክፍል ምዝገባ ታላቅ ወንድም ወይም እህት በትምህርት ቤቱ ላለው ልጅ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ከአመልካቹ ቁጥር ቦታው ሲያንስ ደግሞ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉት፣ ቀጥሎ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ያሉት ይቀድማሉ፣ በዚያም ካልተለየ ዕጣ ይወጣል። በእንግሊዝ የብራይተን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአንድ ቀጠና ውስጥ ከቦታው በላይ አመልካች ሲኖር ለሁለተኛ ደረጃ በዕጣ መለየት ጀምራ ነበር። ዕጣ ለእኛ ሰፈር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቤታችንን ያገኘነው በዕጣ ነው። ለ9ኛ ክፍል ቢሆን አልቃወመውም። ለ1ኛ ክፍል ልጅ ግን በር ላይ ያለውን ትምህርት ቤት እያየ ሩቅ እንዲሄድ ስለሚያደርግ አልቀበለውም።

ወላጅ በምን መብት ይናገራል?

የሚመለከታቸው አካላት በደረጃ ሲቀመጡ፣ ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ቀጥሎ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም የክፍለ ከተማው፣ በመጨረሻም የከተማው ትምህርት ቢሮ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ የተማሪ ቁጥርና የክፍል ሁኔታን ያቀርባሉ እንጂ ቀጠናን ብቻቸውን አይወስኑም፤ ስለዚህ ቁጣን ሁሉ በእሳቸው ላይ ማፍሰስ አግባብ አይደለም፣ ውጤትም አያመጣም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከቱ እርምጃዎች ሲወሰዱ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብትን፣ በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብትን ይደነግጋል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአዲስ አበባ ከተማ አስፈጻሚ አካላትንም ይመለከታል፤ መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ይጠይቃል፣ በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ የሚሰጥ ውሳኔም ምክንያቱ ተገልጾ እንዲሆን ያዛል። ይህን ማወቅ ወላጅን ከልመና ወደ ጥያቄ ያሸጋግረዋል።

በተግባር የሚበጀው እንዲህ ነው። ከስብሰባው በፊት የየክፍሉን የተማሪ ቁጥርና የመማሪያ ክፍሎችን ብዛት በኅብረቱ በኩል ይጠይቁ፤ ቁጥሩ ሳይቀርብ ውሳኔ እንዳይሰጥ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከጎረቤት ጋር ተመካክረው ተከራዩንና በሥራ ምክንያት የማይመጣውን ሰው ሐሳብ ጭምር በአንድ ወረቀት አስፍረው ያስፈርሙ። ማመልከቻውን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሲያስገቡ በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስመትተው አንድ ቅጂ ይያዙ፤ በቃል የተነገረ ቅሬታ ሰው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። መልስ ካልመጣ በዚያው ቁጥር ወደ ክፍለ ከተማ፣ ቀጥሎ ወደ ቢሮው፣ አስተዳደራዊ በደል ደርሶብኛል ካሉም ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይቻላል። ይህ ሁሉ እየሄደ ሳለ የምዝገባው ቀን እንዳያልፍ ልጅዎን በተመደበበት ትምህርት ቤት ያስመዝግቡ፤ አቤቱታ ማቅረብዎ ምዝገባውን አይከለክልም፣ ቦታ ማጣት ግን ለልጁ አንድ ዓመት ሊያስከፍለው ይችላል። ከነባሩ ትምህርት ቤት መሸኛውንና የውጤት ካርዱን ሲያወጡም ስሙ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመው ያረጋግጡ።